አባታቸው ያስጎበኛቸው ቀን

ሐኪሙ፣ «ከልጆቹ ጋር ጉዞ ካሰባችሁ ዘንድሮ አድርጉት» ብሎን ነበር። ከርሞ ምን እንደሚመጣ አልጠየቅነውም። ባሌ የታሪክ አስተማሪ ነው። የነገሥታቱን ዘመን በቃሉ ይወጣው የነበረ ሰው፣ አሁን ቁርስ መብላቱን አለመብላቱን የሚጠይቀው እኔን ነው። ልጆቹ አያውቁም። «አባዬ ደክሞት ነው» እያልኩ አቆይቻቸዋለሁ። ሰው አገር ድረስ ይዣቸው ስመጣም የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስክንመለስ እንኳን አባታቸው ሆኖ ይቆይላቸው።

የዚያን ቀን ሙዚየም ገባን። ለነገሩ ሙዚየም ለልጅ ምኑ ነው? የአራት ዓመቷ ሚጣ ከሙዚየሙ ሁሉ የወደደችው የሚያንሸራትተውን ወለል ነው። ሰባት ዓመቱ ሆኖ ሳለ እንደ ትልቅ ሰው ስለሚያወራ ሽማግሌው የምንለው ወንድሟ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ማሰሮ አይቶ፣ «ከተሰበረ ለምን አይጥሉትም?» አለ።

«ጥለውት ነበር እኮ» አለ አባቱ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ። «የሰበረው ሰውዬ ሚስቱን ፈርቶ ጓሮ ቀበረው። እነዚህ ደግሞ ቆፍረው አሳጡት።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ግድ አልሰጠኝም። ድሮ ያገባሁት ሰውዬ ከነቀልዱ ፊቴ ቁጢጥ ብሏል። ሐኪም ይሳሳት የለ እንዴ፣ አልኩ በሆዴ።

ወዲያው ሚጣ ሽንቷ መጣ። እኔ የሽማግሌውን ጫማ እያሰርኩ ነበር።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ ባሌ።

መጸዳጃ ቤቱ ከክፍሉ በር ወጣ ብሎ ነው። ልከለክለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሽማግሌው ቀና ብሎ እያየኝ ነው። ብከለክል «ለምን?» ይላል። «ሂዱ» አልኩ።

ሲመለስ ጎንበስ ብሎ፣ የያዘውን ልጅ እጅ እያወዛወዘ ስለ ጦርና ጋሻ ያስረዳል። የኛ ልጅ ቀይ ሹራብ ነው የለበሰችው። ይሄ ቢጫ ጃኬት የለበሰ ወንድ ልጅ ነው። ቋንቋው ባይገባውም አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል።

«ሚጣስ?» አልኩት።

«ይቺው» አለና የያዘውን እጅ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ ራሱም አየ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም።

የልጁ እናት እየሮጠች መጥታ ልጇን መንጭቃ ወሰደች። ያለችውን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሽማግሌውን «እዚሁ ቁም» ብዬ ሮጥኩ። ሚጣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ሱሪዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አንዲት የሙዚየሙ ጥበቃ አጠገቧ ተንበርክካ ታባብላታለች።

«አባዬ መጣሁ ብሎኝ ሄደ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ባሌ አግዳሚው ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከትቶ ተቀምጧል። ሽማግሌው ፈንጠር ብሎ ቆሞ ያየዋል።

«እማዬ፣ አባዬ ሚጣን ረሳት?»

ደክሞት ነው ልል ነበር። አልወጣልኝም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ ደረሰ። ሁለቱንም ወደ እኔ ሳብኳቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ከአባዬ ጋር ብቻችሁን የትም አትሄዱም። እሺ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ሰዉ ወጥቶ አዳራሹ ጭር ብሎ ስለነበር ባሌ ሰማኝ። እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ። እንዴት ልጆቼ ፊት ታዋርጂኛለሽ ብሎ ቢጮህብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። እሱ ግን ተነሣ፤ ኮቱን አስተካከለና ክፍል እንደገባ አስተማሪ ፊታቸው ቆመ።

«እናታችሁ ያለችውን ሰማችሁ?»

«አዎ» አለ ሽማግሌው።

«ድገሙልኝ። እንዳትረሱት።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሚጣ ቀደመችው፤ «ከአባዬ ጋር ብቻችንን የትም አንሄድም» አለች።

«ጎበዝ» አላት አባቷ። ወንድሟም እስኪደግመው ድረስ ቆሞ ጠበቀው።