ድመት የሌለበት ሽቶ

ሚስቴ ሄስተር ሽቶ ቀማሚ ናት። እኔ ደግሞ ከሁለት ክረምት በፊት ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም፤ አፍንጫዬ ፊቴ ላይ የቀረው ለመነጽር ማረፊያ ብቻ ነው። እግዜር ሲያጣምድ እንዲህ ነው። ቢሆንም ሥራ አልፈታሁም። ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ዕቃ እሸከማለሁ፣ ሽቶውን ደግሞ ከሰው ፊት ላይ አነባለሁ። ሰው ሽቶ የተረጨባትን የማሽተቻ ወረቀት አፍንጫው ሥር ሲያደርግ፣ አፉ ምንም ይበል ምን ቅንድቡ አይዋሽም።

ባለፈው ግንቦት ሄስተር ቁርጧን ነገረችኝ። ድሮ ትሠራበት የነበረው የመድን መሥሪያ ቤት ተመለሺ ብሏታል፤ መልስ የሚፈልገው ሰኞ ነው።

«ቅዳሜ በሽቶ ሠሪዎች ባዛር ላይ ‹መስታወት ቤት› ካልተወደደልኝ እሺ እላቸዋለሁ» አለች። «ሽቶ የምቀምምበትን የጓሮ ክፍል የሣር ማጨጃህን አቁምበት።»

‹መስታወት ቤት› ያለችው ቲማቲም በሚበቅልበት የመስታወት ቤት ስም የሰየመችውን አዲሱን ሽቶዋን ነው፤ ከላይ ሎሚ፣ ከሥር የቲማቲም ቅጠል። እኔ የማጨጃ ማቆሚያ አልቸገረኝም። የመድን መሥሪያ ቤቷን ሄስተር አውቃታለሁ፤ እራት ላይ እንኳ አትስቅም ነበር። የጓሮዋ ሄስተር ግን እያንጎራጎረች ነው ወደ ቤት የምትገባው። እሷን ማጣት አልፈለግሁም።

ጎረቤቱን ሁሉ ለሻይ ጠርተን አስሸተትን። ቄሱ «ለየት ያለ ነው» አሉ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት «እንዴት ደስ ይላል!» አለች። የሁለቱም ቅንድብ ግን ባርኔጣ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ብስኩቱ ሳያልቅ ሁሉም የቤቱ ጉዳይ ትዝ አለው። የከተማችን የብሪድፖርት ሰው ይሉኝታ ይገድለዋል። እግሩን ብትረግጠው ይቅርታ የሚጠይቅህ እሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ግን ሐሙስ ደረሰ እንጂ የጠራ ነገር የለም።

«ምን አነበብክ?» አለችኝ ሄስተር።

«አፋቸው ቆንጆ ነው ይላል። ፊታቸው ግን በር በሩን ያያል።»

«እኔማ ወር ሙሉ እዚያው ስታጠን ከርሜ አፍንጫዬ ለምዶታል። ምኑ እንደከፋ አይለየኝም።»

«እንግዲያው ወይዘሮ ኦርምሮድን ልጥራቸው።»

«እንዳትጠራቸው! በቁሜ ነው የሚቀብሩኝ።»

ወይዘሮ ኦርምሮድ ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ከሰሜኑ አገር ከዮርክሻየር ከመጡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያዩትን ስለሚናገሩ ዛሬም ለሻይ የሚጠራቸው የለም። ባላቸው አልበርት በሰፈሩ የታወቀ ቲማቲም አብቃይ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጓሯቸው ያለው የቲማቲም መስታወት ቤት እንደተዘጋ ነበር።

«እሳቸው ካልቀበሩሽ መድን መሥሪያ ቤቱ ይቀብርሻል» ብዬ ሄድኩ።

ሴትዮዋ የጭቃ ቦት ጫማቸውን እንደተጫሙ መጡ። ወረቀቷን አንዴ አሸተት አደረጉና ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር ማየት ጀመሩ።

«ምን ጠፋብዎት?» አለች ሄስተር።

«ድመታችሁ ነዋ! እዚህ ገብቶ ሸንቶባችኋል።»

ድመታችን ጊብስ መስኮቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ስሙ ሲጠፋ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ጊብስማ ከዚያ አልተነሳም።»

«እንግዲያውስ ጠርሙሱ ውስጥ ሌላ ድመት አለ፣ ልጄ። ሎሚ፣ ቅጠል፣ ከዚያ የድመት ሽንት! ቄሱ ምን አሉ?»

«ለየት ያለ ነው አሉ።»

«መለየቱንስ ይለያል!»

የሄስተር ፊት ቀላ። እንባዋን ስጠብቅ እሷ ሆዷን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። «የከረንቱ እምቡጥ ነው!» አለች። ቅጠሉን ለማጠንከር ጥቁር ከረንት ከሚባል የፍሬ ቁጥቋጦ እምቡጥ የሚወጣ ቅባት ጨምራበታለች፤ ነገሩ ትንሽ ሲሆን ለምለም ነው፣ ሲበዛ ግን ድመት ይጠራል። አፍንጫዋ በለመደው ቁጥር ስትጨምር፣ ስትጨምር ነው ለካ!

ያን ቀንና ማግስቱን እንደገና ቀመመች። ወይዘሮ ኦርምሮድ በርጩማ ስበው ዳኛ ሆነው ተቀመጡ።

«ድመቱ አለ» ይላሉ። ቀጥሎም «ጅራቱ ይታያል።» ዓርብ ማታ ላይ «ወጥቷል» አሉ።

«ታዲያ ወደዱት?» አለች ሄስተር።

«ድመቱ ወጥቷል አልኩሽ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ባዛሩ የተዘጋጀበት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንደ እኛ ባሉ ትንንሽ ሽቶ ሠሪዎች ተሞላ። በስተቀኛችን ከኮርንዎል የመጣ ሰውዬ የበለስ ቅጠል ሽቶውን ዘርግቷል፤ በስተግራችን ሁለት እህትማማቾች የናና እና የብርቱካን ሽቷቸውን ይረጫሉ። ወደ እኛ የመጣው ሁሉ «ቆንጆ ነው» አለ።

«ዛሬ ቅንድባቸው ቦታው ላይ ነው» አልኳት።

«አንተ ባሌ ነህ፤ አላምንህም። እነሱ ደግሞ ሻዩ ላይም ቆንጆ ነው ብለዋል።»

ወይዘሮ ኦርምሮድ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው መጡና እጃቸውን ዘረጉ። ሄስተር ረጨችላቸው። አሸተቱ። አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጥተው ሄዱ። ሴትዮዋ ዝም ሲሉ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር፤ እንዴት እንደማነበውም ጨነቀኝ።

«አለቀ» አለች ሄስተር ጠርሙሶቿን እየሰበሰበች። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተበረገደ።

«ሎሚው ሄደ!» አሉ ወይዘሮ ኦርምሮድ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ።

«ሎሚ እንደዚያ ነው» አለች ሄስተር በደከመ ድምፅ። «ቀድሞ ይሄዳል። የሚቆየው ቅጠሉ ነው።»

ሴትዮዋ እጃቸውን እንደገና አሸተቱ።

«አልበርትም እንዲሁ ነው ያደረገኝ» አሉ። «ከቀበርኩት ወዲህ ያን የመስታወት ቤት ከፍቼው አላውቅም ነበር። አሁን ከፍቼው መጣሁ፤ ካንቺው ሽቶ ጋር ላስተያየው ብዬ።»

«እና?»

«የእኔው የሚሸተው አቧራ ብቻ ነው። አልበርት ያለው እዚህ ነው» አሉ እጃቸውን እያሳዩ።

ሄስተር ጠረጴዛውን ዞራ አቀፈቻቸው። «ልቀቂኝ፣ ኮቴን ታጨማድጂዋለሽ!» አሉ፤ እሳቸው ግን አልለቀቋትም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄስተር ለመድን መሥሪያ ቤቱ ደውላ፣ ይቅርታ፣ አልመጣም አለቻቸው፤ ስልኩን ዘግታ እያንጎራጎረች ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ጠርሙስ ሳጥብ ከአጥሩ ማዶ የመስታወቱ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አየሁ። ወይዘሮ ኦርምሮድ የቲማቲም ችግኝ ታቅፈው ሊገቡ ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሲሪል!» ብለው ጮኹ። «ና ድመትህን ውሰድ፤ ችግኜ ላይ ሊሸና ነው!»