ያለ ወራጅ የቆመ ጣሪያ

በጥር ወር የጣለው ዝናብ የሸውቂያን የሸንበቆና የጭቃ ጣሪያ ደረመሰው። እሷ ደጅ ነበረች፤ ባሏ ኸለፍ ግን ከውስጥ ጋደም ብሎ ነበር። ጎረቤቶች ከጭቃው ሥር ጎትተው ሲያወጡት ሕይወቱ አልፎ ነበር።

የመንደሩን ቤቶች ሊያድስ የመጣው ማኅበር በመጋቢት ከአስዋን አንድ ግንበኛ ላከላት። ኡስታ ይሏቸዋል፣ ዋና ባለሙያ እንደ ማለት፤ ስማቸው ደሀብ ነው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ኑቢያዊ። ጭቃ ከጭድ ጋር አስቦክተው ስስ ጡብ ሠሩ፤ ፀሐይ ላይ አሰጡት።

"ጣሪያውን የሚሸከመው ወራጅስ የታል?" አለቻቸው ሸውቂያ።

"ወራጅ የለውም፣ እህቴ።"

"ግንበኛ የሚቆምበት፣ ጡቡን ደግፎ የሚይዝ እንጨትስ?"

"እሱም የለውም።"

አጥሩ ሥር ሸንኮራ የሚያኝከው ጎረቤቷ ዐዋድ ሳቀ። "ታዲያ በምን ሊቆም ነው፣ ኡስታ? በጸሎት?"

"አንተ ከጸለይክለትማ አይቆምም" አሉት ሽማግሌው ቀና ሳይሉ።

በኋለኛው ግድግዳ ላይ የቅስቱን፣ እንደ ቀስት የሚጎብጠውን ጣሪያ፣ ቅርጽ በጭቃ አወጡ። ለመለኪያ ገመድ እንኳ አልዘረጉም። የመጀመሪያዎቹን ጡቦች ግድግዳው ላይ አጋድመው ለጠፉ፤ ቀጣዮቹን በእነሱ ላይ። እያንዳንዱ ጡብ ከሥሩ ምንም ሳይኖር አየር ላይ ይቀራል። ሸውቂያ አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ እያለች በሩን ይዛ ቆመች። አንድም አልወደቀም። ዐዋድም ማኘኩን ተወ።

ቅስቱ በአራተኛው ቀን ተዘጋ። ጭቃው እስኪደርቅ ከጠበቁ በኋላ ኡስታ ደሀብ አሥራ አንድ ወንዶች ይዘው አናቱ ላይ ወጡና "ዝለሉ" አሏቸው።

ሸውቂያ ይህን ስትሰማ ወደ ውስጥ ገባች። ልጇ ነስራ ክንዷን ጎተተቻት። "እማዬ፣ ውጪ! አብደሻል?"

"ተይኝ፣ ልየው።"

ከላይ ሃያ ሁለት እግር ደበደበ። አቧራ እንኳ አልረገፈም። ሸውቂያ ቀና ብላ አየች፤ እንዲህ ያለ ከፍታ ከመስጊድ በቀር የትም አላየችም፤ ይሄኛው ግን የራሷ ቤት ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ኡስታ ደሀብ ወርደው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

"ይሄ ጭቃ ከየት የመጣ ነው?" አለቻቸው።

"ከዚሁ ነው። ከወደቀው ጣሪያሽ።"

ሸውቂያ ተነሣች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች፤ እንባዋ ወረደ። ከዚያ ወጣችና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ያዘች።

"ወዴት ነው?" አለ ዐዋድ።

"ዞር በልልኝ።"

አናቱ ላይ ቆመች። ከሸንኮራ እርሻው ማዶ ዓባይ ተኝቶ ይታያል። ስድሳ ዓመት ስትኖር መንደሯን ከላይ አይታው አታውቅም ነበር።