የማያርፍ ውሃ

ሃያ ሁለት ዓመት በየቤቱ በር እያንኳኳ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረው ሰው፣ ስማርት ቆጣሪ ከመጣ ወዲህ ውሃ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀምሯል። ባልደረቦቹ ዛሬም «አንባቢው» ነው የሚሉት። እግሩ ቢያርፍም ቦርጩ ሥራ ጀምሯል።

አዲሱ ቆጣሪ የሚያልፈውን ውሃ ሊትር በሊትር ይቆጥርና በየሰዓቱ በሞገድ ወደ ቢሮ ይልካል። አንባቢው ጠዋት ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፍተው የታላቅ እህቱን ቤት ቆጣሪ ነው። ብቻዋን የምትኖር፣ እናታቸው ከሞተች በኋላ እሱን ያሳደገች እህት ናት። ትናንት ስንት ሊትር? ሦስት መቶ ምናምን። «እትዬ አለች» ይልና ሻዩን ይጠጣል። ሄዶ መጠየቁን በዚህ ተካው፤ እውነቱን ለመናገር ተመችቶታል።

ከሦስት ወር በፊት የእህቱ ሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ላስቲኩ አልቆ ውሃው አልቆም አለ። ቆጣሪው ሃያ አራት ሰዓት ያላቋረጠ ውሃ ካየ ፍሳሽ ነው ብሎ ለባለቤቱ ስልክ መልእክት ይልካል። ለእሷም በየማለዳው ላከላት።

«ይኼ ቆጣሪህ እንደ አማት ነዘነዘኝ» አለችው ደውላ። «ወይ መጥተህ ሥራልኝ፣ ወይ አፉን ዝጋልኝ!»

«እሑድ እመጣለሁ እትዬ፣ አንቺን ይንሳኝ!»

ላስቲኩን በዚያው ቀን ገዝቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አፉን መዝጋቱ ግን ቀለለው፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መልእክቱን አጠፋው። እሑዱም ነገ ዛሬ ሲባል አሥራ ሁለት እሑድ ሆነ።

በየእሑዱ የምትደውለው እህቱ ባለፈው እሑድ ሳትደውል ቀረች። እሱ ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። አኩርፋለች አለ በልቡ፤ ደግሞ እውነቷን ነው። ሰኞ ማለዳ ቆጣሪዋን አየ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሊትር። እፎይ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ደንበኛ እየጮኸች ገባች። «ሳምንት ሙሉ ቤቱን ቆልፈን ሄደን ነበር! ታዲያ ይኼን ሁሉ ውሃ ማን ተጠቀመው? ጂኒ ታጠበበት?»

አንባቢው ሳቅ ብሎ ስክሪኑን አዞረላት። ይህን ማስረዳት ይወዳል።

«ድምሩን ይተዉት እመቤት፣ ሰዓቱን ይዩ። የሰው ውሃ ያርፋል። ሰው ይተኛል፣ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ዜሮ ይሆናል። ፍሳሽ ግን አያርፍም። ይኸው፣ ሁሉም ሰዓት እኩል ነው። እንዲህ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ሰው…»

ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰ።

«ምነው?» አለች ሴትዮዋ።

የእህቱን ቤት ቆጣሪ ከፈተና ድምሩን ትቶ ሰዓቱን አየ። አሥራ ሦስት ሊትር። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት። ወደ ኋላ ሄደ፤ ረቡዕ፣ ማክሰኞ፣ ሰኞ፣ እሑድ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሃያ ስምንት ይላል፤ ፊቷን ታጥባ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ውሃ አልነካም።

የእህቱ ቤት በር ሲሰበር አጠገቡ ቆሞ ነበር። እህቱ ኩሽናው ወለል ላይ በጎኗ ተጋድማለች።

«እኛማ በግድግዳው ውሃው ሲንሿሿ እንሰማለን» አለች ጎረቤቲቱ እያለቀሰች። «ደህና ናት ብለን…»

የአንባቢውም ቃል ያው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐኪሙ አያትና ከወደቀች በኋላ ሁለት ቀን በሕይወት ሳትቆይ አልቀረችም አለ። አንባቢው በጣቱ ቆጠረ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ማለዳ። እሱ እፎይ ባለበት ሰዓት ነፍሷ አልወጣችም ነበር።

አስከሬኑን ወስደው ሰዉ ሲበተን ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የሽንት ቤቱ ብቻ ሆነ። አንባቢው ከቦርሳው ካቻቢቴውንና ላስቲኩን አወጣ። ላስቲኩ ገና ከነፌስታሉ ነው። ተንበርክኮ አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ውሃውም ዝም አለ።

አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።