ፈላ የተባለው ወተት

ወተቱ ነጭ አረፋ ለብሶ ወደ ድስቱ አፍ ሽቅብ ሲመጣ ሰዓት ሠሪው ደስ አላቸው። ቶሎ ብለው በጨርቅ ይዘው አወረዱት። ወተት ሲነሣ ፈላ ማለት እንደሆነ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቃሉ። እናታቸው እንደዚያ ስታደርግ አይተዋል፣ ሟች ባለቤታቸውም እንደዚያው። ተነሣ፣ ፈላ፣ ወረደ። ከዚህ ሌላ ወተት ምን ነገር አለው?

ይኼኛው ግን የላም ወተት አልነበረም። ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ አኩሪ አተር፣ ጠዋት በመፍጫ ተፈጭቶ በንጹሕ የትራስ ልብስ ተጨምቆ የወጣ ነው። የትራስ ልብሱን ልጃቸው እስከዛሬ እየፈለገችው ነው።

ሰዓት ሠሪው የሚኖሩት ከአንዲት ልጃቸውና ከባሏ ጋር ነው። ከታች ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል የሳቸው መሥሪያ፣ ከላይ ያለው መኖሪያው ነው። ልጅቱ ሥጋ ከተወች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ የላም ወተትም አትነካም። አባቷ «ቅጠሌ» ይሏታል። መጀመሪያ ለማብሸቅ ነበር፤ በኋላ የማብሸቁ ነገር ተረሳና ስሟ ሆኖ ቀረ። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጠዋት ጠዋት ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ የሚመጣ የአኩሪ አተር ወተት ትጠጣለች፤ ምሳዋ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ ነው፣ ወይም የአኩሪ አተር ቋሊማ፣ ወይም ያ ሥጋ ሳይሆን ሥጋ የሚመስለው የደረቀ ነገር። ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ሲታይ ግማሹ ማሸጊያ ነው።

ሰዓት ሠሪው በዚህ ቅር ብሏቸው አያውቅም ነበር፣ ያ ጡረተኛ መምህር እስኪመጣ ድረስ። መምህሩ ያልተበላሸ ሰዓት ለማሠራት በሳምንት ሁለቴ የሚመጣ ደንበኛ ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ የቀረ የቋሊማ ማሸጊያ አገኘና የሰዓት ሠሪውን ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ያነብ ጀመር። አሥራ አንድ ነገር ተጽፎበታል። ሰባቱን መጥራት አቃተው።

«ይኼ ምግብ አይደለም፣ የኬሚስትሪ ፈተና ነው» አለ። «ሕፃኑን አያስቡም እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት ሠሪው እንቅልፍ አጡ። ለልጃቸው ሲነግሯት ሳቀችባቸው። አንተ የምትፈታው ሰዓት ውስጥ ስንት ዕቃ አለ፣ ስማቸውን ስለማላውቅ አይሠራም ልበል ወይ አለቻቸው። ፍርሃታቸው ግን አልተዋቸውም።

እናም ዛሬ ጠዋት፣ ሁለቱ ሳይነሡ፣ ከሱቅ የመጣውን ወተት መታጠቢያው ውስጥ ደፉት። ጠርሙሱን አጥበው የራሳቸውን ወተት ሞሉበት፣ ክዳኑን አጥብቀው ዘጉ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረበት ቦታ መለሱት። ጽሑፉን ሳይቀር እንደነበረው ወደ ፊት አዞሩት። ሥራቸው ጥቃቅን ነገርን ወደ ቦታው መመለስ ነውና ይኼ አልከበዳቸውም።

ልጅቱ አንዱን ብርጭቆ ጠጥታ ፊቷን አኮሳተረች። ጥሬ ባቄላ ጥሬ ባቄላ ይላል፣ ባለሱቋ ዓይነቱን ቀይራለች መሰለኝ አለች።

«ጠጪው» አሏት። «ለሕፃኑ ጥሩ ነው።»

ሁለተኛውን ደገመች። እሳቸውም ቀለል ብሏቸው ወደ መሥሪያቸው ወረዱ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሆነም። የአንዲት የሴት ሰዓት ሚዛን የሚባለውን ትንሽ ጎማ በወረንጦ ይዘው ሳለ ከላይ ወንበር ሲወድቅ ሰሙ። ቀጥሎ የምታስታውክ ሰው ድምፅ መጣ። እርጉዝ ናት፣ ያስመልሳታል ብለው ራሳቸውን ሊያታልሉ ሞከሩ። ግን ድምፁ አላቆመም። ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አያውቁም፤ ወረንጦው እጃቸው ላይ እንዳለ ነበር። ልጃቸው ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋለች። ከንፈሯ ወረቀት መስሏል።

«አባባ» አለች።

አማቻቸው መብራት ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድ ሰው። ሚስቱን ደግፎ ሲያነሣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ አየ። አሸተተው። ከዚያ ክዳኑን ዘግቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። «ያቺ ሴትዮ የተበላሸ ሸጣልናለች» አለ። ሰዓት ሠሪው አፋቸውን ከፈቱ። አሁን ጊዜው አይደለም፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ እንድረስ አሉ በልባቸው። ሰው እውነቱን የሚያዘገየው ሁልጊዜ በጥሩ ምክንያት ነው።

ታክሲው ውስጥ ልጃቸው በየመታጠፊያው ታቃስት ነበር። አንዴ እጃቸውን ይዛ ጨመቀች፤ የጨመቀቻቸው እጅ ድስቱን ያወረደው እጅ ነበር።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው፣ ሦስት አልጋና አንድ መጋረጃ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ምን በላች፣ መቼ በላች፣ ማን አብሯት በላ ብላ ጠየቀች። አማቻቸው ጠርሙሱን ከብብቱ አውጥቶ አሳያት፣ ከሱቅ የመጣ ነው፣ የጠጣችው እሷ ብቻ ናት አለ። ሐኪሟ በጽሑፉ ላይ ያለውን ቀን አየች። ገና አላለፈም። ግንባሯ ተቋጠረ። ጊዜው ሳያልፍ ተበላሽቶ ከሆነ እንዲህ እንደ ዋዛ አላየውም፣ ለእርጉዝ ክፉ የሆነ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል፣ መርፌ ጀምረንላት ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልካታለን፤ ሕፃኑም ያለ ጊዜው መምጣት ከጀመረ እዚህ የሚይዘው ሰው የለም አለች።

ያለ ጊዜው የሚለውን ቃል ሰዓት ሠሪው በልባቸው ደገሙት። መጋረጃውን ይዘው ቆሙ።

አማቻቸው ይኼን ሲሰማ ጠርሙሱን መልሶ ነጠቀና ወደ በሩ ሄደ። ሴትዮዋን እዚያው ሱቋ ውስጥ አጠጣታለሁ አለ። ሐኪሟ ጠርሙሱ ይፈለጋል ብላ ስትጠራው ወጥቷል።

ሰዓት ሠሪው ባለሱቋን ያውቋታል። በሸቀጧ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። የኔ ወተት አይበላሽም ለማለት አንድ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ የምትጨልጥ። አሁን በዓይናቸው መጣች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ደፍታ ስትጠጣ። ከመጋረጃው ወዲህ ደግሞ ነርሷ መርፌውን እየሳበች ነው። ልጃቸው ለሌላት በሽታ ልትወጋ፣ ለማያስፈልጋት መንገድ በየጉድጓዱ እየተንገጫገጨች ልትሄድ ነው። ለዚህ ሁሉ ሐኪሟ የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም በሳቸው አፍ ውስጥ ነው።

ቢናገሩ ልጃቸው በሕይወቷ ከሳቸው እጅ ውኃ አትቀበልም። ልጅ ልጃቸውንም አታስታቅፋቸውም። ባይናገሩስ? ባይናገሩ የሚያቅፉትም ላይኖር ነው።

«ወተቱ የኔ ነው» አሉ።

ሐኪሟ ዞረች። ልጃቸውም ዓይኗን ገለጠች።

«የሱቁን ደፍቼ የራሴን ሞላሁበት። ዛሬ ጠዋት የሠራሁት ነው። እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ አልጮኸችባቸውም። ነርሷን በእጇ ምልክት አስቆመችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስንት ደቂቃ ፈላ?»

በግራ እጃቸው አንድ ሰዓት፣ በቀኝ እጃቸው ለሙከራ ያሰሩት የሰው ሰዓት፣ በደረት ኪሳቸው ሌላ ሦስተኛ አለ። የሦስቱንም ድምፅ ሰሙ። መልሱ ግን በአንዱም ላይ አልነበረም።

«ተነሣ» አሉ። «አወረድኩት።»

«እንደተነሣ ወዲያው?»

«ወዲያው።»

ሐኪሟ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ከዚያ አሁኑኑ ደውለው ያንን ጠርሙስ ማንም እንዳይጠጣው ያድርጉ አለቻቸው። የጸጉር ያህል ሽቦ የሚይዝ ጣት የስልኩን ቁጥር ሦስቴ ሳተ። አማቻቸው ሲያነሣ ከጀርባው የባለሱቋ ድምፅ ይሰማል፣ ሱቁን የሞላ ድምፅ። እንዳታጠጣት፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አሉት። ከዚያ አማቻቸው ባነሰ ድምፅ፣ አንዴ ቀመሰችውና ተፋችው፣ ይኼ የኔ አይደለም፣ ጥሬ ነው፣ የትኛው ሞኝ ነው ሳያበስል የሞላበት እያለች ነው አላቸው። ሞኙ እኔ ነኝ በላት ብለው ስልኩን ዘጉ።

ሐኪሟ በዚህ መሀል የልጅቱን ሆድ ገልጣ ትንሽ የማዳመጫ ማሽን አስቀምጣበታለች። መጀመሪያ የተሰማው ነፋስ ብቻ ነበር። ማሽኑን ወደ ቀኝ አንሸራተተችው። ነፋስ። ወደ ታች። ምንም። ሐኪሟ ፊቷን አላነሣችም። ሰዓት ሠሪው ድሮ ሞቶ የመጣላቸውን ሰዓት ሁሉ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳመጡትን ጸጥታ አስታወሱ። ልጃቸው ጣሪያውን እያየች ነው። አታለቅስም። ባለቀሰች ይሻላቸው ነበር።

ከዚያ መጣ። ፈጣን፣ ጥቃቅን፣ የሚጣደፍ ድምፅ። ሰዓት ሠሪው ሳያውቁት የግራ እጃቸውን አነሡና ቆጠሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«መቶ አርባ አራት» አሉ ደቂቃው ሲሞላ።

ሐኪሟ የማሽኑን መስኮት አየች። እሱም መቶ አርባ አራት ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና፣ ደህና ነው፣ እንደዚህ ነው መሆን ያለበት አለች።

የአኩሪ አተር ወተት አታላይ መሆኑን ያን ጊዜ አስረዳቻቸው። ገና ሳይፈላ አረፋ ደፍቆ ይነሣል፣ የላም ወተት የለመደ ሰው ፈላ ብሎ ያወርደዋል። እሳቱን ቀንሶ አረፋውን አማስሎ ማስተኛት፣ ከዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ጥሬው ውስጥ ሆድ የሚያውክ ነገር አለ፣ የሚያጠፋው እሳት ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሰዓት ይሻለዋል፤ እሷን ግን እስከ ማታ ፈሳሽ እየሰጠን እናያታለን አለች። ከዚያ የፋብሪካውን ነገር አነሣች። ቋሊማው ጨው ይበዛዋል፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃታል፤ ምስር፣ ሽምብራና አረንጓዴ ቅጠል ይቅደሙት። የሱቁ ወተት ግን ጽሑፉን አንብበውት ቢሆን ኖሮ ያዩት ነበር፣ ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቪታሚን ተጨምሮበታል፤ ሥጋና እንቁላል የማትነካ ሴት እሱን ካላገኘች እሷም ሕፃኑም ይጎዳሉ።

መምህሩ ያነበበው የቋሊማውን ማሸጊያ እንጂ የወተቱን እንዳልነበረ አሰቡ።

ሐኪሟ ስትሄድ ልጃቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባባ፣ ጠዋት ለሕፃኑ ጥሩ ነው ስትለኝ የማን ወተት እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳታበስለው የቀረኸው ባለማወቅ ነው። ጠርሙሱን የሞላኸው ግን አውቀህ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ወንበራቸውን አልጋው አጠገብ ስበው ተቀመጡ፤ እሷም ሂድ አላለቻቸውም። እስከ ማታ በየሩብ ሰዓቱ ነርሷ መጥታ ስታዳምጥ አብረው ቆጠሩ። መቶ አርባ። መቶ ሠላሳ ስምንት። መቶ አርባ ሁለት። በቆጠሩ ቁጥር ከመጀመሪያው ቁጥር በፊት ያለችው ጸጥታ እንደገና አስፈራቻቸው።

በማግስቱ ሱቁ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ባለሱቋ አሾፈችባቸው፣ የግድግዳ ሰዓቷን በነጻ አሠራቻቸው፣ ከዚያ ይቅር አለቻቸው። ጡረተኛው መምህርም መጥቶ ነበር፤ ማጉያውን ሲያነሣ ሰዓት ሠሪው ከእጁ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት።

ልጃቸው ግን አምስት ቀን ሙሉ ከሚያስፈልገው ቃል በላይ አላናገረቻቸውም። ማቀዝቀዣውን ስትከፍት እያንዳንዱን ጠርሙስ አሽትታ ታያለች። ይኼ ከስድብ ሁሉ ባሰባቸው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ የተዘፈዘፈ አኩሪ አተር አገኙ። ልጃቸው አጠገቡ ተቀምጣለች፣ የሱቁን ጠርሙስ ይዛ።

«ሥራው እስቲ» አለች። «እያየሁህ።»

ፈጩት፣ ጨመቁት፣ እሳት ላይ ጣዱት። ሲነሣ ልባቸው አብሮ ተነሣ፤ እሳቱን ቀነሱ፣ አማሰሉ፣ አስተኙት። ሦስቱንም ሰዓት ከምድጃው ጎን ደረደሩና አሥር ደቂቃ አሉ፤ ከዚያ ፈርተው አሥራ አምስት አደረጉት። ልጃቸው አንድ ብርጭቆ ቀዳችና ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ እሳቸው ገፋችው።

በሕይወታቸው ያንን ነገር ቀምሰውት አያውቁም። ጠጡት። ልጃቸው የወጥ ቤቱን ባለ ደወል ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ሞልታ መሀላቸው አስቀመጠችና፣ ከሱቁ ጠርሙስ ለራሷ ቀድታ እያየቻቸው ትጠጣ ጀመር።

ሃያኛው ደቂቃ ላይ ሆዳቸው ጮኸ። ልጃቸው ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ርቦኝ ነው» አሉ ሰዓት ሠሪው። እርግጠኛ ግን አልነበሩም፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከሰዓቱ ላይ አላነሡም።