የሦስተኛ ፎቅ ኮለን

ምስጥ ነው የሚሉኝ። ስራዬ ኮንክሪት መብሳት ነዋ! ፎቃችን የተቃጠለ ጊዜ ግን የበሳሁት የራሴን ቤት ነው።

ሰው ሁሉ ወጥቷል። እህቴም ሦስት ልጆቿን ይዛ አማቷ ጋ ገባች። እሳት ያልደረሰበት ምድር ቤት እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ጥበቃ ነኝ ብዬ። ምኑን ነው የምጠብቀው? ጥላሸቱን? ሲደብረኝ የጎረቤቶቹን በር እያንኳኳሁ እሮጣለሁ። የሚሰድበኝ እንኳን የለም።

ፎቁን ሊመረምር የመጣው፣ ኮንክሪት ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ፣ የድንጋይ ሐኪም ነው የምለው፣ ከሦስተኛ ፎቅ ኮለን፣ ከምሰሶው ማለት ነው፣ ናሙና አምጣ አለኝ። እሳቱ የነደደው እዚያ፣ እኔና እህቴ የምንኖርበት ቤት ነው።

"ላዩ ደህና ቢመስልም ሙቀት ውስጡን ይሰነጥቀዋል። ራጁ ያሳየናል። ከተሰነጠቀ ፎቁ ይፈርሳል።"

ከፈረሰ ደግሞ እህቴ ወደ አንዱ፣ እኔ ወደ አንዱ ነን።

በሳሁት። የጣሳ ያህል ወጣ፣ በእሳቱ ቀላ ብሏል። አላማረኝም። ምድር ቤት ወርጄ ደህነኛውን ኮለን በሳሁና የሦስተኛውን ቁጥር ጻፍኩበት። ፊደል ብዙ ባልቆጥርም ሦስትን አውቃታለሁ።

ሐኪሙ ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

"አጃኢብ ነው! አንዲት ስንጥቅ የለችም!"

"ፎቃችን ወንድ ነው፣ ጋሼ።"

"አንተ ቀልደኛ! በል ደስ ይበልህ፣ ሰዎቹ ይመለሳሉ።"

ለእህቴ ደወልኩ።

"እውነትህን ነው? አማቴ እኮ ማንኪያ ስናጋጭ ሁሉ ጆሮዋን ትይዛለች! በቃ፣ እቃ እጠቀልላለሁ። የልጆቹን አልጋ መስኮቱ ጋ እንዳታደርገው፣ ይበርዳቸዋል። ኮለኑ ጥግ አድርግልኝ።"

"የትኛው ኮለን?"

"ስንት ኮለን አለን፣ አንተ ደንቆሮ!"

ልጆቹን ልታስተኛ የፈለገችው እኔ የበሳሁት ኮለን ሥር ነው።

የቀላውን ናሙና በጆንያ ይዤ ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ። ራጅ አነሳው። ጠጠሮቹን ሁሉ ጥቁር ስንጥቅ ከቧቸዋል፣ የሸረሪት ድር በሉት። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ።

"ምን አስበህ ነው?"

"ሰው ናፍቆኝ።"

አልተቆጣም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ የመጀመሪያውን ውጤት ሰረዘና "ለእህትህ አንተው ንገራት" አለኝ።

ደወልኩላት።

"ምነው፣ አልጋው አልገባም አለህ?"

"እቃውን ፍቺው" አልኳት። "ፎቁ ሊፈርስ ነው።"

በስልኩ ይሰማኛል፤ ልጆቹ ከጀርባዋ አልጋው ላይ ማን ዳር እንደሚተኛ ይጣላሉ።