ያልተካፈለው እርሾ

ኦሬስቴ በቪላው የፊት በር መግባት አልፈለገም። የልጅ ልጁ ጂኔቭራ ሻንጣውን ይዛ ከኋላው ቆማለች።

«ግባ እንጂ አያቴ፤ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን!»

«ከፍለን የመጣን እንግዶች እኮ ነን።»

«እሱ ነው የሚያንገበግበኝ» አለና ገባ።

የተወለደው እዚሁ ግቢ ነው፤ ግን ቪላው ውስጥ ሳይሆን ከበረቱ በላይ ባለች ክፍል። አባቱ የእኩል አራሽ ነበር። ወይኑ እኩል፣ ዘይቱ እኩል፣ ዶሮው እኩል። ከርስቱ የተነቀሉ ዕለት የቪላው ጌቶች መልከኛ ሽንኩርቱን ሳይቀር ለሁለት ከፈለ። ሳይካፈል የቀረው እርሾው ብቻ ነው።

በእነዚህ የጣሊያን ኮረብቶች፣ በኪያንቲ፣ ጣፋጩ ወይን ቆጥ ላይ በትንንሽ በርሜል ታሽጎ ለዓመታት ይቀመጣል። ከሥሩ ወፍራም አተላ ይተኛል። ወይኑ ሲቀዳ አተላው አይነካም፤ አዲሱ በላዩ ይፈስበታል፤ እርሾው እሱ ነው። የኦሬስቴ እናት ስታገባ ከአባቷ ቤት በማሰሮ ይዛው መጣች። ሲነቀሉ ግን መልከኛው «የቤቱ ነው» ብሎ አስቀረው። እናቱ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ጣፋጭ ወይን አፏ ላይ አላደረገችም።

አሁን ጂኔቭራ ትንሽ የወይን ማሳ ተከራይታለች። የመጀመሪያ ዘለላዎቿ ለጣፋጭ ወይን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው እየደረቁ ነው። ለልደቱ ብላ እዚህ ክፍል ስትይዝለት እሺ ያላት ለአልጋው ብሎ አልነበረም። እርሾውን ሊወስድላት ነው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ የቪላው ባለቤት ሲኞራ ኦታቪያ ለእንግዶቹ ጣፋጩን ወይን በእጇ ቀዳች። የኦሬስቴ እኩያ ናት። እንግዶቹ የለውዝ ብስኩታቸውን እየነከሩ ይሰሟታል።

«እርሾው ከቅድመ አያቴ የወረደ ነው» አለች። «ከቤተሰባችን እጅ ወጥቶ አያውቅም።»

ኦሬስቴ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ደቅ አደረገው።

«ውሸት ነው።»

ሁሉም ዞሩ። ኦታቪያ ትኩር ብላ አየችውና ሳቀች።

«ኦሬስቴ! አንተ ነህ እንዴ? ዛሬም በቅሎነትህ አለቀቀህም?»

«እርሾው የእናቴ ነው። እርስዎም ያውቃሉ። ማሰሮው ውስጥ ጣትዎን ከተው እናቴ በማንኪያ የመታችዎትን ረሱት?»

አንድ እንግዳ ሳቁ አመለጠው። ኦታቪያ ቀላች።

«እሺ፣ ጠብ አልወድም። እንደ ጥንቱ እኩል እንካፈል። ግማሹ ያንተ ይሁን። ይኸው፣ ሁሉም ሰምቷል።»

ከእናቱ የሙሽራ ጓዝ ላይ እኩል! ዛሬም ቆራሿ እሷ፣ ተቀባዩ እሱ። ኦሬስቴ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ቁልፉን ያምጡ» አለ ብቻ።

ቆጡ ላይ የነበሩት ሁለት በርሜሎች ናቸው። ውታፋቸው በሰም ታሽጓል። ኦታቪያ እጇን አጣምራ በሩን ተደገፈች።

«የታሸጉት አምና ነው» አለች። «ክፈትና ጨልፍ። አየር ይግባበት፤ ወይኑም ይሙት። ቢላ ላምጣልህ?»

ኦሬስቴ የራሱን ቢላ አውጥቶ ስለቱን ሰሙ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አልገፋውም። ጊዜው ያልደረሰ በርሜል በአባቱ ቤት ተከፍቶ አያውቅም፤ በጦርነቱ ጊዜ፣ በረሃቡ ጊዜ እንኳ።

«አውቅሃለሁ» አለች ኦታቪያ። «አትከፍተውም። ግማሹን የሰጠሁህም ይህን አውቄ ነው።»

«አያቴ፣ በቃ ተወው» አለች ጂኔቭራ።

ኦሬስቴ ቢላውን አጠፈ። በርሜሎቹን ተራ በተራ አያቸው።

«ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«በርሜሎቹ።»

«ሁለት።»

«የሁለት ግማሽስ?»

የኦታቪያ ፈገግታ ጠፋ። «ወይኑ የኔ ነው! እኔ ያልኩት እርሾውን ነው!»

«እንግዲያው ለይተሽ ስጪኝ። ቢላ ላምጣልሽ?» አለ። በዕድሜው አንቺ ብሏት አያውቅም። «ጂኔቭራ፣ ያንን ጫፍ ያዢ።»

«ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥሪ። መልከኛሽንም ከመቃብሩ ጥሪው፤ ሚዛኑን ይዞ ይምጣ።»

በልጅነቱ በርሜል ተሸክሞ በሚወጣበት የጓሮ ደረጃ አልወረደም። በፊተኛው ሰፊ ደረጃ ወረዱ። ጥርሱን ነክሷል። እንግዶቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፏቸው። ደፉ ላይ ጂኔቭራን አዳለጣት፤ በርሜሉ ዘመም አለ።

«ቀስ!» ብላ ጮኸች ኦታቪያ ከላይ። «ይደፈርሳል!»

«እናውቃለን!» ብሎ አምባረቀ ኦሬስቴ፣ ሳይዞር።

በርሜሉን መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ቀበቶ አሰሩለት። ኦሬስቴ ገብቶ በሩን በኃይል ዘጋው።

«ውይ፣ ሻንጣህ ክፍል ውስጥ ቀረ» አለች ጂኔቭራ። «ሮጬ ላምጣው።»

«ተዪው» አለ። «ግማሹን ትላክልኝ።»