ሕዋሱ የት ነው?

አንዳርጋቸው የላቦራቶሪያችን መምህር ነበር፤ እኔ ወይንሸት ደግሞ ረዳቱ። አንድ ጂን በየትኛው ክሮሞዞም ላይ እንደተቀመጠ በዓይን ማየት ይቻላል ብሎ ስድስት ወር አደከመኝ። ጨረር ያዘለ የጂን ቅንጣት ክሮሞዞሞቹ ላይ ይፈሳል፤ አምሳያውን ፈልጎ ይጣበቃል። ከዚያ ክሮሞዞሞቹ ያረፉበት የመስታወት ስላይድ ፊልም ተቀብቶ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ይከርማል። ሲታጠብ ጂኑ ካለበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ይወጣል።

የሙከራውን ማስታወሻ ለተማሪዎች ብዬ ከእንግሊዝኛ መልሼ በእጄ ደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያችን ብልጠቴን እስከ ዛሬ እረግማታለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣውስ?

የካቲት 1970 አብዮት ጠባቂዎች ላቦራቶሪያችንን ፈትሸው ደብተሩንም፣ ሳጥኑንም፣ እኛንም አራዳ ወዳለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰዱን። የቀበሌው ሊቀመንበር ክንዱ ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«‹ሕዋሱ ሲከፈል ያዙት። ምልክት የያዘው አምሳያውን ያገኛል። ሃያ ቀን በጨለማ ይቆይ።› ሕዋሱ የት ነው?»

ሕዋስ ለእኛ ገላ የተሠራበት ቅንጣት ነው። ለእነሱ ግን ሰው የሚገድል ስውር ቡድን ነበር።

አንዳርጋቸውን ዘቅዝቀው ሰቅለው ውስጥ እግሩን በጎማ ገረፉት። ቆዳው ተልጦ ነጩ ታየ።

«የሰውነት ነው! የደም ነው!» ይጮሃል።

«ደማችን ውስጥ ገብታችኋላ!» አለ ክንዱ፤ ጠባቂዎቹ ሳቁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስላይዶቹን አጥቤ ላሳይዎት» አልኩ። «ብቻ ሳጥኑን ብርሃን እንዳይነካው...»

«ምነው ብርሃን ፈራሽ?» ብሎ ክዳኑን መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ገነጠለው። የሚያድነን ማስረጃ፣ ፊልሙ፣ በብርሃኑ እዚያው ተቃጠለ። ስላይዶቹን አገላብጦ ምንም ቢያጣባቸው አንዳርጋቸው ፊት ላይ ሰባበራቸው። ጉንጩ ተተረተረ።

«የማን ጽሕፈት ነው?» አለ ክንዱ ደብተሩን አንሥቶ።

አፌን ከፈትኩ። አንዳርጋቸው ቀደመኝ፤ ደም እየተፋ «የእኔ ነው» አለ። እኔም የእኔ ነው አላልኩም። ፈራሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አውርደው ወደ ጓሮ ጎተቱት። ክንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ።

«ደብተሩን እሱ መጻፉን መስክሪ።»

መሰከርኩ። እጄ ያንኑ ደብተሩ ላይ የለመደውን ፊደል ጻፈ። ስፈርም ከጓሮ ሁለት ጥይት ጮኸ። ክንዱ ቃሌን ከደብተሩ ጎን ዘርግቶ፣ ፊደሉን ከፊደሉ ቀስ እያለ አስተያየ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጽሕፈትሽ ሸጋ ነው» አለኝ። «ነገ ጧት ነይ፤ ጸሐፊ የለንም።»